የቆየ ፎር ዊል መኪናን ከፍ ማድረግ፦ ከሞላው ዋጋ በኋላ የሚመጣው ወጪና ሥራ

የቆየ ፎር ዊል መኪናውን ከፍ ለማድረግ ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው የሞላና የሾክ አብዞርበር ዋጋ ነው። ዋጋውን ይሰማል፣ ኪሱን ያያል፣ "ይቻላል" ይላል። ሂሳቡ ግን ገና አልተጀመረም። ሞላው ሲቀየር የመሪው አቀማመጥ ይለወጣል። የፍሬን ቱቦው ያጥራል። ኃይልን ወደ አክስሉ የሚያደርሰው የካርዳን ዘንግ ይበልጥ ያዘነብላል። ቀጥሎ ጎማ ይመጣል። እነዚህን ቀድሞ ያሰበ ሰው በ50 ሚሊ ሜትር ከፍታ ለዓመታት ተደስቶ ይነዳል። ያላሰበበት ደግሞ 100 ሚሊ ሜትር ከፍ አድርጎ፣ መሪው አልታዘዝ ያለ መኪና ይዞ ከጋራዥ ጋራዥ ይዞራል። ስለዚህ ብር ከማውጣታችሁ በፊት ቅደም ተከተሉን እንያዝ።

1. ከፍታው የሚሰጠውንና የማይሰጠውን ለዩ

ግራና ቀኝ ጎማው በአንድ ድፍን አክስል በተያያዘ መኪና ላይ፣ አዲስ ሞላ ሻንሲውን (መኪናው የተሠራበትን የብረት አፅም) እና ቦዲውን ብቻ ነው የሚያነሳው። ኃይልን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያከፋፍለውን ዲፍረንሻል ንክች አያደርገውም። ዲፍረንሻሉ ያለው አክስሉ ላይ ነው፤ አክስሉ ደግሞ የተቀመጠው ጎማው ላይ ነው። እሱን ከድንጋይ የሚያርቀው ጎማ ብቻ ነው፣ ያውም የዲያሜትሩን ጭማሪ ግማሽ ያህል። 275/70/16 ጎማ ዲያሜትሩ 791 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። 285/75/16 ደግሞ 834 ይጠጋል። ልዩነቱ 43 ሚሊ ሜትር ነው፤ ዲፍረንሻሉ የሚያገኘው ግን 21 ገደማ ብቻ ነው።

ታዲያ ከፍታው ምን ይጠቅማል? ዳገት ሲጀመር የፊት መከላከያው መሬት አይነካም። ጉብታ ሲታለፍ ሆዱ አይንጠለጠልም። ከገደል ሲወጣ ጅራቱ አይጎተትም። ደግሞም ለትልቅ ጎማ ቦታ ይሰጣል። ስለዚህ ከ"ስንት ከፍ ላድርግ?" በፊት "የቱን ጎማ ነው የምፈልገው?" ብላችሁ ጠይቁ። ከፍታው ያንን ጎማ ሳይነካ የሚያስኬድ ይሁን፤ ከዚያ በላይ የሚጨመረው ለዓይን ነው። ለአብዛኛው የቆየ መኪና 50 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይበቃል። ከ75 ካለፈ የሚከተለው ሥራም ወጪውም ሌላ ነው።

2. መኪናው ምን ያህል እንደወረደ ለኩ

ይህን ደረጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል። እኔ ግን ከሁሉም በላይ ገንዘብ የሚያድነው እሱ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሃያ ሠላሳ ዓመት ጭነት የተሸከመ ሞላ ይደክማል። ባሌስትራ (ተደራርበው የታሰሩ ቅስት የብረት ቅጠሎች) ከሆነ ቅስቱ እየጠፋ ሜዳ ይሆናል። መኪናችሁ "ዝቅ ያለ" የመሰላችሁ ተሠርቶ ሲወጣ ከነበረበት ስለወረደ ሊሆን ይችላል።

አለካኩ ቀላል ነው። መኪናውን ጠፍጣፋ ቦታ አቁሙ። ሁልጊዜ የምትጭኑት ዕቃ እላዩ ላይ ይኑር። ከዚያ ከጎማው መሃል፣ ማለትም ከሞዞው መካከል፣ ቀጥ ብላችሁ ከጎማው በላይ እስካለው የፓራፋንጎ ጠርዝ ድረስ ለኩ። ከመሬት አትለኩ። ጎማው ካረጀ ወይም ነፋሱ ካነሰ ልኬቱ ይዋሻል። አራቱንም ጎን ለይታችሁ ጻፉ። በብዙ መኪና የሾፌሩ ጎን ከሌላው ዝቅ ብሎ ታገኙታላችሁ፤ ሰውም የነዳጅ ታንከርም ባትሪም አንድ ጎን ሲሆን እንዲህ ይመጣል።

ልኬቱን ከፋብሪካው መመሪያ ወይም ሞላው ካልደከመ ተመሳሳይ ሞዴል ጋር አወዳድሩ። 30 ሚሊ ሜትር ወርዶ ከሆነ፣ በኦሪጅናል ቁመቱ የተሠራ አዲስ ሞላ ብቻ ስታስገቡ 30ውን ታስመልሳላችሁ። መሪው አይበላሽም፣ ቱቦ አያጥርም፣ ምንም ማስተካከያ አያስፈልግም። ጉዟችሁ ጠጠርና ጭቃ ብቻ ከሆነ እዚሁ ላይ መቆም ትችላላችሁ፤ እኔን ከጠየቃችሁኝ ቁሙ እላለሁ። የ50 ሞላ ካስገባችሁ ደግሞ ዓይናችሁ የሚያየው 80 ነው። የማስተካከያው ሥራ ግን የሚሰላው ከፋብሪካው ቁመት ስለሆነ በ50 ነው።

3. ከሥር ያለውን ዓይነት እወቁ

*ባሌስትራ።* ላንድክሩዘር 60፣ ሱዙኪ ሳሙራይና የቀድሞዎቹ ላንድሮቨሮች ፊትም ኋላም ባሌስትራ ናቸው። ጥሩው መንገድ ሙሉውን ባሌስትራ በአዲስ መቀየር ነው። በደከመው ላይ አንድ ቅጠል መጨመር ርካሽ ነው፤ ግን ያ አንድ ቅጠል ብቻውን ጭነቱን ይሸከማል፣ መኪናው ይደርቃል፣ የተቀሩትም መድከማቸውን አያቆሙም። ባሌስትራውን ከሻንሲው የሚያገናኘውን ማንጠልጠያ በረጅም መቀየርም አለ። 50 ሚሊ ሜትር ብታስረዝሙት የምታገኙት 25 ብቻ ነው፤ ፊት ላይ ከሆነ የመሪውንም ማዕዘን ያዛባል። በአክስሉና በባሌስትራው መካከል የሚገባው ብሎክ ኋላ ላይ፣ አንድ ብቻ ከሆነና በደንብ ከታሰረ ያስኬዳል። ፊት ላይ ግን በፍጹም። ፍሬን ሲያዝ አክስሉ ለመጠማዘዝ ይታገላል፤ ብሎኩ ከተንሸራተተ መሪ የለም። ብሎክ በብሎክ ላይ መደራረብም እንደዚሁ አይሞከርም።

*ጥቅል ሞላ በድፍን አክስል ላይ።* ላንድክሩዘር 80፣ ዲፌንደርና ጥቅል ሞላ ያለው የድሮ ፓትሮል እዚህ ይመደባሉ። ለመሥራት ከሁሉም ይቀላሉ፤ ሞላው በእጅ ወጥቶ በእጅ ይገባል። ጣጣው መሪ ላይ ነው።

የብስክሌት ሹካን አስቡት። የሚዞርበት መስመር ዘንበል ያለ በመሆኑ ነው እጅ ለቀን ቀጥ ብለን የምንነዳው። የመኪና የፊት ጎማም የሚዞርበት መስመር ወደ ኋላ ያጋደለ ነው፤ ካስተር ይባላል። እነዚህ መኪኖች የፊት አክስላቸው በሁለት ረጃጅም ክንዶች ከሻንሲው ጋር ተያይዟል። ሻንሲው ሲነሳ ክንዶቹ ያዘነብላሉ፣ አክስሉም ወደ ፊት ይሽከረከራል፣ ካስተሩ ይቀንሳል። ላንድክሩዘር 80 ላይ በ50 ሚሊ ሜትር ከፍታ 2 ዲግሪ ገደማ ይጠፋል፤ ኦሪጅናሉ ራሱ 3 ዲግሪ አካባቢ ነው። ምልክቱ ግልጽ ነው። ቀጥ ባለ አስፋልት ላይ መኪናው ወዲያ ወዲህ ይላል። ከታጠፋችሁ በኋላ መሪው በራሱ አይመለስም። ከጎናችሁ ትልቅ ጭነት መኪና ሲያልፍ ልባችሁ ይደነግጣል።

መፍትሔው ቀዳዳው ከመሃል ፈቀቅ ብሎ የተሠራ ጎሚኒ (የማያያዣ ላስቲክ)፣ ወይም የክንዱን ማሰሪያ ዝቅ የሚያደርግ ብረት ነው። ለ50 ሚሊ ሜትር ጎሚኒው ይበቃል። እዚህ ጋ ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ካስተሩን ለመመለስ አክስሉን ወደ ኋላ ስታሽከረክሩት፣ የዲፍረንሻሉ አፍንጫ ወደ መሬት ይወርዳል። የፊቱ ካርዳን ከዲፍረንሻሉ ጋር የሚገናኝበት ማዕዘን ይብሳል፣ በካርዳኑ ጫፍ ያለው መስቀለኛ መገጣጠሚያ፣ ክሮቼራው፣ ይንቀጠቀጣል። መሪውን ስታስደስቱ ካርዳኑ ያኮርፋል። ከ75 ሚሊ ሜትር በላይ መውጣት የማልመክረው በዋናነት ለዚህ ነው፤ ሁለቱን ለማስታረቅ ልዩ ካርዳን ወይም የአክስል ብየዳ ውስጥ ትገባላችሁ።

አክስሉን ግራና ቀኝ እንዳይሄድ የሚይዘው ፓንሃርድ ዘንግም አለ። መኪናው ሲነሳ ዘንጉ አክስሉን ወደ አንድ ጎን ይገፋዋል ወይም ይስበዋል። በ50 ትንሽ ነው፣ ብዙ ሰው አያየውም። የሚስተካከል ዘንግ ከገዛችሁ ግን መሃል ላይ ታስገቡታላችሁ።

*ቶርሽን ባር።* እየተጠማዘዘ እንደ ሞላ የሚሠራ ዘንግ ነው። የፊት ጎማዎቹ እየራሳቸው የሚንቀሳቀሱት የቀድሞው ሃይሉክስ፣ ላንድክሩዘር 100 እና የመጀመሪያው ፓጄሮ ፊታቸው እንዲህ ነው። እዚህ ፈተናው ትልቅ ነው፤ አንድ ቡሎን በመፍቻ ስታዞሩ መኪናው በነጻ ይነሳል። ግን ጉልበት አልጨመራችሁም። ጎማው ወደ ታች ሊወርድበት ከሚችለው ርቀት ቆርጣችሁ ነው ወደ ላይ የሰጣችሁት። ጉድጓድ ስትገቡ ጎማው ቶሎ የመውረጃው መጨረሻ ላይ ደርሶ ይመታል፣ "ጓ" የሚል ድምፅ ትሰማላችሁ። ወደ ጎማው የሚሄደው ዘንግ ማዕዘኑ ይጠነክራል፣ ግራሶውን የያዘው ላስቲክ ይቀደዳል፣ ጠጠር ይገባበታል። ከ30 እስከ 40 ሚሊ ሜትር ገደቡ ነው። ባሩ ከደከመ ወፈር ባለ አዲስ ባር ቀይሩት።

በቦዲውና በሻንሲው መካከል መደገፊያ አስገብቶ ቦዲውን ብቻ የሚያነሳም ዘዴ አለ። የመሪ ዘንግን፣ የማርሽ ዱላን፣ ሽቦዎችንና የራዲያተር ሽፋንን ሁሉ ይጎትታል። ማሰሪያው በዝገት በተበላ የቆየ መኪና ላይ አልነካውም።

4. ወጪውን ሙሉውን ጻፉ፣ ከዚያ ግዙ

አንድ ወረቀት ያዙ። የአንዱንም ዕቃ ዋጋ ሳትከፍሉ የሁሉንም ጠይቃችሁ አስፍሩ።

መጀመሪያ ሞላና ሾክ፣ አራት አራት። ባሌስትራ ከሆነ አዲስ ስታፋዎች (ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩት ቡሎኖች)። ቀጥሎ ማስተካከያው፦ የካስተር ጎሚኒ፣ ረዘም ያለ የፍሬን ቱቦ፣ የስታቢላይዘር (መኪናው በመታጠፊያ እንዳያጋድል የሚይዘው ዘንግ) ማገናኛ፣ ባምፕ ስቶፕ የሚባለው የላስቲክ መከታ። ከዚያ የእጅ ዋጋና አላይመንት (የጎማ አቅጣጫ ማስተካከል)። ከዚያ ጎማ።

ጎማው ነው ሂሳቡን የሚያፈርሰው። አምስት ነው የምትገዙት እንጂ አራት አይደለም፤ የተለየ መጠን ያለው ተጠባባቂ ጎማ ገጠር ላይ አያድንም። ብዙ ጊዜ አምስቱ ጎማ ከሞላና ከሾኩ ድምር ይበልጣል። ተጠባባቂው በቦታው መግባቱንም ለኩ። ፍጥነት መቁጠሪያውም ይዋሻል፦ ከላይ ባየነው ለውጥ 100 ሲያሳይ የምትሄዱት 105 ገደማ ነው። ሞተሩ ደካማ ከሆነ መኪናው ይከብደዋል፤ ይህን የሚመልሰው የዲፍረንሻሉን ጥርስ መቀየር ነው፣ ዋጋውም ለብቻው ይታሰባል። ነዳጅም ይጨምራል፣ በየቀኑ የምትከፍሉት ወጪ ነው።

አሁን ሰው የማይጽፈውን ረድፍ ጻፉ፦ ሲፈታ የሚገኝ ያረጀ ዕቃ። የቆየ መኪና ሥር ስትገቡ የደረቀ ጎሚኒ፣ የላላ ቴስቲኒ (የመሪ መገጣጠሚያ)፣ የሚንኳኳ ኩሽኔታና በዝገት ተጣብቆ የሚሰበር ቡሎን አይጠፋም። የዕቃውን ድምር አንድ አራተኛ ያህል ለዚህ አስቀምጡ። ካልተነካ እሰየው።

ገንዘቡ ካልሞላ ምን ይዘገያል? ጎማው ይዘገያል፤ ኦሪጅናሉ ጎማ ከፍ ባለው መኪና ላይ ምንም አይጎዳም። የሚስተካከለው ፓንሃርድም ይዘገያል። የፍሬን ቱቦ፣ ካስተርና ልኩ የሆነ ሾክ ግን ለነገ አይባሉም። እነሱን የማይችል በጀት ከፍታውንም አይችልም። ያገለገለ ሞላና ያገለገለ ሾክ አትግዙ። ያገለገለ ፓንሃርድ ዘንግ ወይም ማሰሪያ ብረት ስንጥቅ ከሌለው ችግር የለውም።

በብዙ አገር ከፍታ የሕግ ገደብ አለው። ዓመታዊ ምርመራ የሚያደርገውን ክፍልና ኢንሹራንሳችሁን ከግዢ በፊት ጠይቁ። ያልተመዘገበ ለውጥ በአደጋ ቀን ካሳ ሊያስከለክል ይችላል።

5. ሞላውን በክብደት ምረጡ

ሞላ ሲሸጥ በከፍታ ብቻ ሳይሆን በሚሸከመው ክብደትም ይለያል። ባዶ ለሚሄድ፣ ለመካከለኛ፣ ሁልጊዜ ለሚጫን። ሰው "ለጥንካሬው" ብሎ የከባዱን ይመርጣል። ከዚያ ባዶውን ሲነዳ ጀርባውን ያመዋል፣ መኪናውም ከሚፈለገው በላይ ከፍ ብሎ ይቆማል። ሁልጊዜ እላዩ ላይ ያለውን ብቻ ቁጠሩ፦ የብረት መከላከያ፣ ዊንች፣ ሁለተኛ ባትሪ፣ የጣሪያ መደርደሪያ። በዓመት አንዴ የምትጭኑት አይቆጠርም። የመኪና ሚዛን ካገኛችሁ የፊትና የኋላውን ለየብቻ አስመዝኑ።

ሾኩ ሁለት ልኬት አለው፤ ተዘርግቶና ታጥፎ። ሲዘረጋ አጭር ከሆነ አክስሉ የሚንጠለጠለው በሾኩ ላይ ይሆናል፣ ይበጠሳል። ሲታጠፍ ረጅም ከሆነ ከባምፕ ስቶፑ ቀድሞ ወለሉን ይመታል። ሞላና ሾክን አብረው ከሚሠሩ ዕቃዎች መግዛት ይህን ጭንቀት ያቀልላል።

6. ሥራው

ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ከሥራው ጥቂት ቀን ቀደም ብላችሁ ቡሎኖቹን በብረት ብሩሽ ጠርጉና ዝገት አላቂ ዘይት ደጋግማችሁ ርጩ።

በአንድ ጊዜ አንድ አክስል ብቻ ፍቱ። ጠንካራና ጠፍጣፋ ወለል ይሁን። የማትነኩትን ጎን ጎማዎች በታኮ ያዙ። አንሱና ካቫሌቶውን (የብረት ማቆሚያውን) ከሻንሲው ሥር አስቀምጡ፤ አክስሉን በክሪክ ትይዙታላችሁ። ክሪክ ብቻ በያዘው መኪና ሥር ማንም አይግባ።

ሾኮቹን፣ የስታቢላይዘሩን ማገናኛና የፓንሃርዱን አንድ ጫፍ ፍቱ። የፍሬን ቱቦውን ማሰሪያ ከሻንሲው አላቁ። አሁን ክሪኩን በዝግታ አውርዱ፣ አንድ ሰው ዓይኑን ከፍሬን ቱቦው ላይ አይንቀል። ቱቦው መወጠር ሲጀምር ቁሙ። የአክስሉ ክብደት በቱቦ ላይ ከተንጠለጠለ ጉዳቱ ከውስጥ ስለሆነ ከውጭ አይታይም።

ሞላው ሲላላ አውጡት። አዲሱን ስታስገቡ የሽቦው ጫፍ በመቀመጫው ላይ ካለው ማረፊያ ጋር ይግጠም፤ ካልገጠመ መኪናው አዘንብሎ ይቀመጣል። ግራና ቀኝ የተለያየ ቁጥር ካላቸው አታቀያይሩ። ሞላው በሾኩ ዙሪያ ተጨንቆ የታሰረበት ዓይነት ከሆነ ግን ለባለሙያ ስጡ፤ የተጨመቀ ሞላ ሲያመልጥ ሰው ይገድላል።

ባሌስትራ ላይ አሮጌውን ስታፋ መልሳችሁ አትጠቀሙ። አንዴ ተስቦ የታሰረ ስለሆነ ሁለተኛ በደንብ አይይዝም። የመሃሉ ቡሎን ራስ በአክስሉ ቀዳዳ ውስጥ መግባቱን በጣታችሁ አረጋግጡ። ከዚያ አራቱን ዳዶ በመስቀለኛ፣ በጥቂት በጥቂቱ አጥብቁ፣ መጨረሻውን መመሪያው በሚሰጠው የማጥበቂያ ኃይል (ቶርክ)።

አሁን ብዙ ጋራዥ የሚስተው ነገር። ጎሚኒ ያለባቸውን ቡሎኖች መኪናው ተንጠልጥሎ ሳለ አታጥብቁ። እጅ እስኪያዛቸው ብቻ እሰሩ። መኪናውን በጎማው አቁማችሁ፣ ወዲያ ወዲህ ነቅንቃችሁ፣ ከዚያ አጥብቁ። ተንጠልጥሎ የጠበቀ ላስቲክ መኪናው ሲቆም ይጠማዘዛል፣ ሁልጊዜ ተጠማዝዞ ይኖራል፣ በወራት ውስጥ ይቀደዳል። አዲስ ጎሚኒ ቶሎ ሲበላ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የዕቃው ሳይሆን የአስተሳሰሩ ነው።

7. ከመንገድ በፊት፣ ከመንገድ በኋላ

አንዱን የፊት ጎማ በክሪክ ወደ ላይ ግፉ፣ ሌላው ወደ ታች ይንጠልጠል። መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ አዙሩ። በእያንዳንዱ ጫፍ ላይ የፍሬን ቱቦውን ተመልከቱ፤ አሁንም መታጠፊያ ሊኖረው ይገባል። ጎማው ክንዱን ወይም ፓራፋንጎውን ይነካል? የኤቢኤስ ሽቦ ካለ ተወጥሯል? ኋላም እንዲሁ ፈትሹ።

በብዙ የቆዩ ቶዮታዎች ላይ ከኋላ አክስሉ ጋር በዘንግ የተያያዘ የፍሬን ቫልቭ አለ። ጭነትን የሚያውቀው በአክስሉና በሻንሲው መካከል ባለው ርቀት ነው። መኪናውን ስታነሱት "ባዶ ነኝ" ብሎ ይረዳል፣ የኋላውን ፍሬን ይቀንሳል። ዘንጉ አክስሉ ላይ የሚታሰርበትን ብረት በከፍታው ልክ ማንሳት ያስፈልጋል። ትንሽ ብረት ነው፣ ግን ፍሬን ነው።

አላይመንት ስታሠሩ "ተስተካክሏል" በሚል ቃል አትርኩ። የካስተሩን ቁጥር ግራና ቀኝ በወረቀት ጠይቁ። መብራቱንም አስተካክሉ፤ ከፍ ያለ መኪና ከፊት የሚመጣውን ያሳውራል።

500 ኪሎ ሜትር ገደማ ከሄዳችሁ በኋላ ስታፋዎቹንና ሁሉንም የነካችሁትን ቡሎን እንደገና በቶርክ አጥብቁ። አዲስ ሞላ ጥቂት ሚሊ ሜትር ስለሚቀመጥ ቁመቱንም ያኔ ዳግም ለኩ። በ80 እና በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት መካከል ከወለሉ የሚመጣ ንዝረት ከተሰማችሁ ጎማውን ባላንስ አስደርጉ። ንዝረቱ ካልጠፋ፣ የፊቱ ካርዳን ሁልጊዜ የሚዞር መኪና ከሆነና ሴንተር ዲፍረንሻሉ (ኃይልን ለፊትና ለኋላ የሚያከፋፍለው) ሊቆለፍ የሚችል ከሆነ፣ ቆልፋችሁ የፊቱን ካርዳን ለጊዜው አውጡና ንዝረቱ እስከሚሰማበት ፍጥነት ድረስ ቀስ በቀስ ሞክሩት። ያኔ ንዝረቱ ከጠፋ ጥፋቱ የፊቱ ካርዳን ማዕዘን ነው፤ ያልጠፋ እንደሆነ የኋላውን ክሮቼራ በእጃችሁ እየነቀነቃችሁ መልቀቁን ፈትሹ።